እንጉርጉሮ በታልፒዮት፦ ልጆቻችን የራሳቸውን ግጥም እስኪጽፉ

  

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራፕ ነው። አዎ፣ ስለ ራፕ! ከእናንተ መካከል «ይኼ ሰውዬ ስለ ሰንበትና ስለ ስግድ ሲጽፍልን ቆይቶ ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከስግድም ከሰንበትም ብዙ አይርቅም። በተለይ ልጆቻችሁ ክፍላቸውን ዘግተው በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙትን እየሰማችሁ «ይኼ ጩኸት ምንድን ነው?» ለምትሉ ወላጆች፣ ደግሞም ጎንደር፣ አዲስ አበባና አሜሪካ ሆናችሁ ስለ እኛ ኑሮ ለምትጠይቁ ዘመዶች የተጻፈ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ አንዲት ናት። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስለመጣነው ቤተ እስራኤል ብዙ ተዘፍኗል፤ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሰምተነዋል። ግን ግጥሙን ማን ጻፈው? ይህችን ጥያቄ ይዘን ከተነሳን የአርባ ዓመት ታሪካችንን በዘፈን ብቻ መተረክ ይቻላል።

ከሐበሾች መንገድ እስከ ታልፒዮት

ኢየሩሳሌምን ለማታውቁ መንገዱን ላሳያችሁ። ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ፣ ከነቢያት ጎዳና ወጣ ብሎ፣ ግራና ቀኙ በረጃጅም የድንጋይ አጥር የታጠረ ጠባብ መንገድ አለ። ስሙ የኢትዮጵያ መንገድ ነው፤ የድሮ ሰዎች የሐበሾች መንገድ ይሉታል። እዚያ ላይ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተባለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳም ይገኛል። ክቡን ቤተ ክርስቲያን አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀ። እኛ ቤተ እስራኤሎች እምነታችን ሌላ ቢሆንም፣ በዚያ መንገድ ስናልፍ መነኮሳቱ በአማርኛ «እንዴት ዋላችሁ» ሲባባሉ ስንሰማ ልባችን ድንግጥ ይላል። የአገር ቋንቋ ነዋ!

በዚያ መንገድ ላይ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። ዕብራይስጥ ከመጽሐፍ ወጥቶ የቤትና የገበያ ቋንቋ እንዲሆን ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጁን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ አድርጎ እንዳሳደገው ይታወቃል። ይኸው ሰው በከተማው ደቡብ፣ በ1922 በተቆረቆረው ታልፒዮት በተባለው ሰፈር ቤት ያሠራ ነበር። ግን ሳይገባበት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሞተ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤን ይሁዳ ቤት አዲሱን ቋንቋ ለልጁ የሰጠው አባት ነው። በእኛ ቤት ነገሩ ተገለበጠ፤ ዕብራይስጥን ከትምህርት ቤት አምጥቶ ወላጆቹ ፊት የዘረገፈው ልጅ ነው። አባት ከልጅ ተማረ፤ ያልተማረም በልጁ አፍ ተናገረ። የዛሬው ታሪካችን ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ገዳም ውስጥ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኖረዋል። በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ስለ ፒያኖአቸው አወራ። ሙዚቃቸውን የሰማ ያውቀዋል፤ ሰው ፊት የሚቀርብ አይመስልም። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። ይህችን «ከራስ ጋር ማውራት» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

ታልፒዮት ዛሬ ሁለት መልክ አላት። ባንድ ወገን ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ናት፤ የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን የኖረው እዚያ ነው። በሌላ ወገን ጋራዥ፣ የቤት ዕቃ መደብርና የገበያ አዳራሽ የሞላባት የሥራ ሰፈር ናት። በዚያ በጋራዡ መካከል «ሃጾሌለት ሃጸሁባ» (ቢጫው ሰርጓጅ መርከብ ማለት ነው) የሚባል የሙዚቃ ቤት አለ። የኢየሩሳሌም ወጣቶች የቀጥታ ሙዚቃ ለመስማት የሚሄዱበት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሲኬድ ደግሞ የአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ መንገድ ይገኛል። ከዚያ ላይ ሲቆሙ አሮጌው ከተማና ቤተ መቅደሱ የነበረበት ስፍራ ፊት ለፊት ይታያሉ። በየዓመቱ በሔሽቫን 29፣ ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ቄሶቻችን ጃንጥላ ይዘው ስግድን የሚያከብሩት እዚያ ነው። የእስራኤል ፓርላማ ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ በሕግ ያጸደቀው በ2008 ነበር።

እንግዲህ በአንድ አካባቢ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ የቄሶቹ ዜማና የወጣቶቹ ራፕ ጎረቤት ሆነዋል ማለት ነው።

ፉከራና እንጉርጉሮ

አገር ቤት ሳለን ዘፈን አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰው ተሰብስቦ የሚሰማው ፉከራና ቀረርቶ ነበር፤ ጀግናው ደረቱን እየደቃ «እኔ ነኝ ያለ» የሚልበት። አዝማሪው ነበር፤ ማሲንቆውን ይዞ ግጥም ከሰው እየተቀበለ፣ ያመሰገነ መስሎ የሚሳደብ፣ የሰደበ መስሎ የሚያመሰግን። ሌላው ደግሞ እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ መድረክ የለውም። እናት ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈጭ፣ እረኛ ብቻውን ሲውል፣ ሐዘንተኛ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ነው። ሰሚው ራሱ አንጎራጓሪው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የጸሎት ዜማ ነበር። ቄሶቻችን በግዕዝ፣ አልፎ አልፎም በአገውኛ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ ያዜሙ ነበር። ስግድ ሌላው ስሙ ምህለላ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ቀኑ የልመናና ራስን የመመርመር ቀን ነው። ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፤ ኦሪት ይነበባል፤ የነዕዝራና የነነህምያ ታሪክ ይነገራል፤ ኃጢአት ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጾሙ ተፈትቶ ደስታው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ማየት፣ ከዚያ ጭፈራ።

ራፕ የሚባለውን ነገር ስሰማ ሁለቱንም አገኘሁበት። አንደኛው ራፕ ፉከራ ነው፤ «ወርቄ፣ መኪናዬ፣ ጉልበቴ» ይላል። ወላጆች የሚጠሉት እሱን ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሁለተኛው ግን እንጉርጉሮ ነው። ልጁ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ራሱ ፍርሃት፣ ስለ እናቱ ድካም፣ ስለ ቆዳው ቀለም፣ ከአምላኩ ጋር ስላለው ክርክር ያወራል። ከወፍጮው እንጉርጉሮ የሚለየው ሰው እየሰማው መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው የጻፈልን ዘፈን

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሙሴ ዘመቻ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ከሱዳን በአውሮፕላን መጡ። በእግር ጉዞውና በመጠለያው ውስጥ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ከዚያ በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በሰለሞን ዘመቻ፣ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። እኔም የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ከነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ያን ያህል ታሪክ ያለው ሕዝብ ምን ዘፈነ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአገሩ ሰው ጆሮ የሚደርስ አልዘፈነም። ቄሶቹ በጸሎት ቤት፣ አዝማሪዎቹ በሠርግ ላይ ቀጠሉ፤ እስራኤላዊው ግን አልሰማቸውም። በ1993 ሽሎሞ ግሮኒክ የተባለው ሙዚቀኛ የኢትዮጵያ ልጆችን ሰብስቦ ከሸባ መዘምራን ጋር አልበም አወጣ። ከዚያ ውስጥ ስለ ሱዳኑ ጉዞ የሚናገረው መዝሙር አገር ምድሩን አስለቀሰ፤ እስከ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይዘመራል። ዜማው የግሮኒክ፣ ግጥሙ የሃይም ኢዲሲስ ነው። ሁለቱም ከእኛ ወገን አይደሉም። የዘመሩት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

አትሳሳቱብኝ፤ መዝሙሩ መልካም ነው። አባቴ ዕብራይስጡ ሳይገባው «ሱዳን» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምቶ ያለቅስ ነበር። እነዚያ ሰዎች ባይጽፉልን ኖሮ ማን ይጽፍልን ነበር? ግን እውነቱን ለመናገር፣ አፉ የእኛ፣ ቃሉ የሌላ ነበር።

በ2002 ደግሞ የኢዳን ራይኼል ፕሮጀክት መጣ። ራይኼል ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች በነበሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ የአማርኛ ዘፈን ሰምቶ ፍቅር ያዘው። በአልበሙ ላይ አማርኛ ተሰማ፤ ሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደችው ካብራ ካሳይና ወግደረስ አቪ ዋሴ አብረውት ዘፈኑ። በሬዲዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አማርኛ! አውቶቡስ ውስጥ የሰማን ሰዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ቋንቋችን ክብር አገኘ። ይሁንና እስራኤላዊው አድማጭ አማርኛውን የሚሰማው እንደ ዜማ ጌጥ ነበር፤ ምን እንደሚል አልጠየቀም።

ቦብ ማርሌይ በአዳሪ ትምህርት ቤት

በዚያው ጊዜ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ ልጆቹ ሌላ ነገር ይሰሙ ነበር። ያኔ አብዛኛው የእኛ ወጣት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላክ ነበር። ከወላጅ ርቆ፣ ከአገሬው ልጅም ሳይቀላቀል፣ በመካከል ቤት የሚያድግ ልጅ የሚመስለውን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ቦብ ማርሌይን አገኘ፣ ሌላው ቱፓክን። ግድግዳው ላይ የቦብ ማርሌይ ፎቶ ተለጠፈ። በዓል ሲመጣ ልጁ ቤቱ ሄዶ ጃንሆይ በጃማይካ እንደ አምላክ እንደሚታዩ ሲነግራቸው፣ በጃንሆይ ዘመን ግብር የከፈሉ ሽማግሌዎች የሳቁት ሳቅ አይረሳኝም!

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የሥነ ሰብ ተመራማሪዋ ማልካ ሻብታይ በ2001 በዕብራይስጥ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ መርምራለች፤ ርእሱ ራሱ «በሬጌና በራፕ መካከል» የሚል ነው። ልጆቹ ሙዚቃውን የያዙት «እኔ የማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሂፕ ሆፕ የተወለደው በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ብዙዎች ልደቱን ከኦገስት 11 ቀን 1973 ይቆጥራሉ፤ ከጃማይካ የመጣው ስደተኛ ኩል ሄርክ እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ያጫወተበት ቀን ነው። ልብ በሉ፣ አባቱ የሚባለው ሰው ራሱ የስደተኛ ልጅ ነው። የእኛም ልጆች ነገሩ ቶሎ የገባቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ 1996 መጣ። በጃንዋሪ ወር ማገን ዳዊድ አዶም ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም በስውር ይደፋ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። በጃንዋሪ 28 ቀን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ እዚሁ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰበ፤ አስለቃሽ ጭስም ተተኮሰ። ለወላጆቻችን ደም ማለት ነፍስ ነው፤ ኦሪት እንደዚያ ይላል። የሰጡትን ነፍስ ነው የተደፋባቸው። ብዙ አባቶች ያን ዕለት ማታ ቤት ገብተው ዝም አሉ። ልጆቹ ግን ዝም አላሉም፤ የሚናገሩበትን መንገድ ፈለጉ። በእኔ ግምት በእስራኤል የኢትዮጵያውያን ራፕ ዘሩ የተዘራው ያን ቀን ነው።

ጠንካራ ጥቁር ቡና

መጀመሪያ ላይ የሞከሩት እንደ ጄረሚ ኩል ሐበሽ ያሉ ዘፋኞችና አክሱም የተባለው ቡድን ነበሩ። ሬጌና ራፕ ቀላቅለው፣ የአባቶቻቸውን አገር በስማቸው ተሸክመው ወጡ። ከነሱ በኋላ ከቂርያት ጋት ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች መጡ፤ ኢላክ ሳሃሉና ኡሪ አላሞ። ቡድናቸውን «ቃፌ ሻሖር ሐዛቅ» አሉት፤ ጠንካራ ጥቁር ቡና ማለት ነው። በዚህ አገር ካፌ ገብቶ እንዲህ ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። ለእኛ ግን ስሙ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባልበትን የእናታችንን ረከቦት ያስታውሳል፤ ጥቁርነትንም ያለ ኀፍረት ይጠራል። አንድ ስም ሁለት ትርጉም፣ ልክ እንደ ሰምና ወርቅ።

ቂርያት ጋት የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እነዚህ ልጆች በዕብራይስጥ ይራፓሉ፣ አማርኛም ጣል ያደርጋሉ፤ ግጥሙንም ራሳቸው ይጽፋሉ። ለጥያቄዬ መልስ መገኘት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከራፕ ውጭም በዚያው መንገድ የሄዱ አሉ። በ1985 በቂርያት አርባ የተወለደችው ኤስተር ራዳ በ2013 የመጀመሪያ ሥራዋን፣ በ2014 ሙሉ አልበሟን አወጣች። የምትዘፍነው ብዙውን በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የሙሉቀን መለሰን ዜማ ወስዳ በራሷ መንገድ ስትጫወተው እናቶች ካልሲ እያጠቡ ይሰሟታል። በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል የመጣው ጊሊ ያሎ ደግሞ በ2017 ባወጣው አልበም በአማርኛ ዘፈነ። ለኢየሩሳሌም ሰዎች ሁለገብ የተባለው የኢትዮጵያውያን የጥበብ ፌስቲቫልም ትልቅ መድረክ ሆኖላቸዋል።

ዘመኑም ያናግራቸው ነበር። በኤፕሪል 2015 አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ የእኛ ወታደር በሖሎን በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። በጁን 30 ቀን 2019 ወጣቱ ሰለሞን ተካ በቂርያት ሐይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ አገሩ በሰልፍ ተዘጋ። በእነዚያ ቀናት ወጣቱ በአደባባይ የጮኸውን ሁሉም በቴሌቪዥን አየው። ጩኸቱ ሲበርድ ልቡ ውስጥ የቀረውን ግን ቴሌቪዥን አላሳየም። እሱን የምታገኙት በእንጉርጉሮው ራፕ ውስጥ ነው።

አንድ ማታ ከእናቴ ጋር

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። አንድ ማታ የእህቴ ልጅ «አያቴን ይዘሃት ና፣ ጓደኛዬ ይዘፍናል» አለችኝ። የልጁን ስም አልጽፍም፤ ገና ታዋቂ አይደለም፣ እናቱም አታመሰግነኝም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ታልፒዮት ውስጥ ካለች ትንሽ አዳራሽ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከበሮው ሲጀምር እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ጆሮዋን ሸፈነች፤ «ልቤን መታብኝ» አለች። ወጣቱ ሁሉ ቆሞ ይዘላል። «ልውሰድሽ?» አልኋት። «ቆይ፣ የሰው ልጅ ሲናገር ጥሎ አይኬድም» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ልጁ ከበሮውን አስቆመው። መብራቱ ቀነሰ። አንድ ክራር የሚመስል ድምፅ ከኮምፒዩተሩ እየተሰማ፣ ልጁ ረጋ ብሎ በዕብራይስጥ መናገር ጀመረ። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ እናቱን ወደ ክሊኒክ እየወሰደ ያስተረጉም ነበር። ሐኪሟ ክፉ ቃል ስትናገር እሱ ለእናቱ ደግ አድርጎ ይነግራታል። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩ «ልጅሽ ሰነፍ ነው» ሲል እሱ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ ያስተረጉማል። አዳራሹ እዚህ ላይ ሳቀ። ልጁ ግን ቀጠለ። ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ እንደ ደበቀው፣ ሌሊት ብቻውን እንደ ቆጠረው፣ ዛሬ ሰው ሆኖም በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የቀረው ቃል ሁሉ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ተናገረ። በመጨረሻ በአማርኛ፣ በተሰባበረች አማርኛ፣ እናቱን ይቅርታ ጠየቃት። የሚስቅ አልነበረም። አጠገቤ ካሉት ወጣቶች ግማሾቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ሁሉም ያስተረጎሙ ልጆች ናቸውና።

እማዬ «ምን ይላል?» አለችኝ። በጆሮዋ ቃል በቃል ነገርኋት። ሰምታ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ይኼማ ዘፈን አይደለም፣ እንጉርጉሮ ነው። ወፍጮ ላይ እንዲህ ነበር የምንለው።» ጥቂት ቆየችና ጨመረች፦ «እናቱ ግን ታውቅ ነበር። ቋንቋ ባናውቅ ፊት ማንበብ እናውቃለን። ልጁ እንዳይከፋው ብላ ነው ያመነች የመሰለችው።»

ያን ማታ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ይህች የእናቴ ቃል አስተማረችኝ። ልጅ እናቱን ሊጠብቅ ብሎ ይደብቃል፤ እናት ልጇን ልትጠብቅ ብላ ያላወቀች ትመስላለች። ሁለቱም በፍቅር ዝም ብለው ሠላሳ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ምን እንበል?

ዛሬ በእስራኤል ከ160,000 በላይ ነን። ከግማሽ የማያንሰው ወጣት ጎንደርን በዓይኑ አላየም። አማርኛው እየሳሳ ነው፤ የቄሶቹ ግዕዝማ የሚሰማው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ባህላችን ጠፋ» ይላሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነው። ግን ልጆቹ ምንም አልያዙም ማለት አይደለም። ወደ ውስጥ ማየትን ይዘዋል፤ ቃልን በሁለት ትርጉም መጠቅለልን ይዘዋል፤ በሰው ፊት ቆሞ ልብን ማፍሰስን ይዘዋል። የጠፋባቸው ቋንቋው ነው፤ እሱንም አንዳንዶቹ በዘፈን በኩል ተመልሰው እየፈለጉት ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሲያትል ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ገብርኤል ቴዎድሮስ በ2007 «ላቭወርክ» የተባለ አልበም አውጥቶ በእንግሊዝኛ ራፕ የስደተኛ ልጅን ልብ ሲከፍት ሰምተናል። አዲስ አበባ ውስጥም እነ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል በአማርኛ እየራፑ መድረክ ይዘዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ በእናንተም ቤት ያስተረጎመ ልጅ አለ። አለ አይደል?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚሰማውን «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይላል? አስተርጉምልኝ» በሉት። ፉከራ ከሆነ ይዘጋ፣ ግድ የለም! እንጉርጉሮ ከሆነ ግን ተቀምጣችሁ ስሙት፤ ምናልባት ልጃችሁ በራሱ አፍ ሊነግራችሁ ያልቻለውን ነው የሚሰማው። ልጆች ሆይ፣ እናንተም እናታችሁን «ወፍጮ ላይ ምን ትይ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። የምትነግራችሁ ግጥም የትም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፤ እሷ ስታልፍ አብሯት ያልፋል። ለብዙ ዓመት ሌላ ሰው ጻፈልን፤ አሁን ብዕሩ እናንተ እጅ ገብቷል። የሷን ቃል ሳትይዙ ግን ግጥማችሁ ግማሽ ነው።

ስግድ ሲመጣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ያገናኘን። መጀመሪያ ምህለላው፣ ከዚያ ጭፈራው።

ቸር ይግጠመን። ሻባት ሻሎም።